ሞክሼ ዱቄቶች፦ የናኖ ቁስ የደኅንነት መረጃ ከመጋራቱ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «በአንድ የመርዛማነት ጥናት ቤተ ሙከራ ውስጥ እሠራለሁ። ባለፉት አምስት ዓመታት በቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ በዚንክ ኦክሳይድና በብር ናኖ ቅንጣቶች ላይ ያካሄድናቸው ሙከራዎች ውጤት በኤክሴል ፋይሎች ተከማችቷል። አሁን የብዙ ቤተ ሙከራዎችን መረጃ አሰባስቦ የሚተነትን አንድ የጋራ ፕሮጀክት ፋይሎቹን እንድንልክ ጠይቆናል። ከናሙናዎቹ አንዳንዶቹን የሰጠን ኩባንያ ደግሞ ምስጢሬ ይወጣል ብሎ ሠግቷል። ፋይሎቹን እንዳሉ መላክ ይበቃል? ካልበቃስ ከየት ልጀምር?»

እንዳሉ መላክ አይበቃም። ይህን የምለው የእርስዎን ፋይሎች አይቼ ሳይሆን የእኔንም የሌሎችንም ብዙ ስላየሁ ነው። ከተለያዩ ቤተ ሙከራዎች የሚመጡ ሰንጠረዦችን ተቀብሎ አንድ ላይ ማዋሐድ ለረጅም ጊዜ የዕለት ሥራዬ ነበር። በዚያ ሥራ ላይ ላኪዎቹን ደጋግሜ የጠየቅኋቸው ስለ ውጤቱ አልነበረም፤ «ይህ ዱቄት የትኛው ነው?» እያልኩ ነበር። ለዚህ መልስ ያጣሁባቸው ፋይሎች ቁጥራቸው የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ከትንተናው ወጥተዋል።

በተለመደው ኬሚካል ዓለም ስም ብዙ ይሠራል። አሴቶን የትም ቢመረት አሴቶን ነው፤ ንጽሕናው ከተነገረ የቀረው ጠባዩ ከሞለኪውሉ ይነበባል። ናኖ ቁስ ላይ ስንደርስ ግን ስም የሚነግረን ቤተሰቡን ብቻ ነው። 13463-67-7 የሚለው የካስ ቁጥር፣ ማለትም በዓለም አቀፍ የኬሚካሎች መዝገብ ላይ ያለው መለያ፣ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድን ያመለክታል። ከ200 እስከ 300 ናኖሜትር (አንድ ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው) የሚሆነው የቀለም ፋብሪካ ነጭ ዱቄትም፣ 20 ናኖሜትር የሚሆነው የፀሐይ መከላከያ ቅባት ዱቄትም በዚሁ ቁጥር ይጠራሉ። ሞክሼዎች ናቸው። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ቅንጣቶቹ ድቡልቡል ናቸው ብለን የቁሱን እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 4 ግራም ገደማ ብንይዝ፣ ባለ 200 ናኖሜትሩ አንድ ግራም የሚኖረው የገጽ ስፋት 7.5 ካሬ ሜትር ያህል ነው። የባለ 20 ናኖሜትሩ ግን 75 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ሕዋስ የሚገናኘው ከዚህ ገጽ ጋር ነው።

ይህ የምሁራን ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልዎ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሙያ ደኅንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለቲታኒየም ዳይኦክሳይድ አቧራ አንድ ሳይሆን ሁለት የመጋለጥ ገደቦችን አቀረበ፦ ለደቃቁ ዱቄት በኪዩቢክ ሜትር አየር 2.4 ሚሊ ግራም፣ እጅግ ለላመው 0.3 ሚሊ ግራም። በአንድ ስም ስምንት እጥፍ ልዩነት ማለት ነው። የካርበን ናኖ ቱቦዎች ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በ2008 የታተመ አንድ ጥናት ረጃጅምና ቀጥ ያሉ ባለ ብዙ ንብርብር ቱቦዎች በአይጦች የሆድ ዕቃ ውስጥ ሲገቡ አስቤስቶስን የሚመስል ቁስለት እንዳስከተሉ፣ አጫጭሮቹና የተጠላለፉት ግን ይህን እንዳላደረጉ አሳየ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2014 ጉዳዩን ሲመረምር ኤምደብሊውሲኤንቲ-7 የተባለውን አንድ ዓይነት ብቻ ለይቶ «በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል» ከሚለው ምድብ ውስጥ አስገባው። ሌሎቹን ቱቦዎች በሙሉ «ለመመደብ የማይቻል» ብሎ አለፋቸው። ያለፋቸው ደኅና መሆናቸው ተረጋግጦ አይደለም፤ በቂ መረጃ ስላልነበረ ነው። አንድ ሰው «የካርበን ናኖ ቱቦ መርዛማ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ሲጠይቀኝ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው የምለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ለእያንዳንዱ ዱቄት መታወቂያ ማውጣት ነው። «ብር 20 ናኖሜትር» መታወቂያ አይሆንም። አምራቹ፣ የካታሎግ ቁጥሩ፣ የምርት ዙሩ ቁጥር፣ ቤተ ሙከራው የተረከበበት ቀን፣ የተቀመጠበት ሁኔታና የገጹ ልባስ አብረው ይጻፉ። ልባስ በተለይ ይረሳል። በኢጣልያ ኢስፕራ የሚገኘው የአውሮፓ ኮሚሽን የጋራ ምርምር ማዕከል ቤተ ሙከራዎች ሁሉ በአንድ ዓይነት ናሙና እንዲሠሩ የሚያከፋፍላቸው ወካይ ናኖ ቁሶች አሉት። ከእነዚህ መካከል ኤንኤም-110 እና ኤንኤም-111 ሁለቱም ዚንክ ኦክሳይድ ናቸው። የመጀመሪያው እርቃኑን ነው፤ ሁለተኛው ውሃ በሚሸሽ ልባስ የተሸፈነ ነው። በሰንጠረዥዎ ላይ «ዚንክ ኦክሳይድ» ብቻ ብለው ከጻፉ እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርገዋቸዋል ማለት ነው። እንዲህ ያሉ የጋራ ናሙናዎችን ተጠቅማችሁ ከሆነ ትልቅ ዕድል ነው፤ ኮዱን እንዳለ ይጻፉት፤ ሌላው ዓለም ያን ኮድ ያውቀዋል።

ጠርሙሱንም አይርሱት። አንድ ጊዜ ሁለት ቤተ ሙከራዎች ስለ አንድ የብር ናኖ ቅንጣት የላኩልኝ ውጤት አሥር እጥፍ ያህል ተራራቀ። አምራቹ አንድ፣ የካታሎግ ቁጥሩ አንድ፣ የምርት ዙሩ እንኳ አንድ ነበር። ለሳምንታት ስሌቱን፣ የሕዋሱን ዓይነት፣ የአሃዱን አጻጻፍ ስንመረምር ቆየን፤ ሥራው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብን። በመጨረሻ ነገሩን የፈታው የአንዲት ቴክኒሺያን ልማድ ነው፤ ማንኛውንም ጠርሙስ ስትከፍት ቀኑን በቀለም እስክሪብቶ ክዳኑ ላይ ትጽፍ ነበር። የእርሷ ቤተ ሙከራ ጠርሙስ ከተከፈተ ስምንት ወር አልፎት ኖሯል፤ የሌላኛው በሙከራው ጠዋት የተከፈተ ነበር። ብር አየር ሲያገኝ ቀስ በቀስ ይኦክሳይዳል፤ ፈሳሹ ውስጥም የብር አየን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሙል ያለው የብር አቶም፣ ይለቃል። አየኑ ደግሞ ራሱን የቻለ መርዝ ነው። አንደኛው ቤተ ሙከራ በአብዛኛው ቅንጣቱን ሲፈትን ሌላኛው ሳያውቅ አየኑንም ጨምሮ ፈትኗል። ከዚያ ወዲህ «ጠርሙሱ የተከፈተበት ቀን» የሚል ዓምድ የሌለውን ቅጽ ለመቀበል እጄ ይከብዳል።

የብሩን ጉዳይ ያነሣሁት እርስዎ የያዟቸው ሦስት ቁሶች በመሟሟት ረገድ ሦስት ዓይነት ጠባይ ስላላቸው ጭምር ነው። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ከሞላ ጎደል አይሟሟም፤ ነገር ግን በተለይ አናቴዝ የተባለው የክሪስታል ዓይነቱ ብርሃን ሲያገኝ ኬሚካዊ ሥራ ስለሚጀምር ሙከራው በብርሃን ይሁን በጨለማ መመዝገብ አለበት። ዚንክ ኦክሳይድ በተለይ አሲድ በሆነው የሕዋስ ክፍል ውስጥ ቶሎ ይሟሟል፤ የመርዛማነቱ ትልቁ ድርሻም ከተሟሟው ዚንክ ይመጣል። ብር በሁለቱ መካከል ነው። ስለዚህ ለዚንክና ለብር የሟሟውን መጠን የሚለካ ሙከራ ከሠራችሁ፣ ወይም ከቅንጣቱ ጎን ለጎን የዚያኑ ብረት ጨው በውሃ አሟሙታችሁ ለንጽጽር ከፈተናችሁ፣ ያ ውጤት ከዋናው ሰንጠረዥ ጋር መሄድ አለበት። ካልሠራችሁም አለመሠራቱ ይጻፍ።

ሁለተኛው ጥያቄ ዱቄቱ ወደ ሕዋሱ ሲደርስ ምን ሆኖ ነበር የሚለው ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ዱቄትና ሳህኑ ላይ የወረደው ነገር አንድ አይደሉም። ናኖ ዱቄት ውሃ ሲነካው ይጓጉላል፤ ጓሉን ለመበተን በድምፅ ሞገድ እንመታዋለን፤ ከዚያ የሴረም፣ ማለትም ከደም የሚወጣው ፈሳሽ፣ ፕሮቲን እንጨምራለን፤ ፕሮቲኑ ቅንጣቱን እንደ ካባ ይለብሰዋል። ሕዋሱ የሚያየው ካባውን ነው። በድምፅ ሞገድ የመታነው አምስት ደቂቃ ይሁን ሃያ ደቂቃ፣ በረዶ ውስጥ ተቀምጦ ይሁን ሳይቀመጥ፣ መሣሪያው ፈሳሹ ውስጥ የሚጠልቅ ዘንግ ይሁን የውሃ ገንዳ፣ ውጤቱን ይቀይረዋል። ለዚህ ነው ናኖጄኖቶክስ በተባለው የአውሮፓ የጋራ ሥራ የተዘጋጀው የአበታተን መመሪያ እያንዳንዱን እርምጃ በቁጥር የሚያስቀምጠው፦ ዱቄቱ አስቀድሞ በጥቂት ኢታኖል ይረጥባል፤ አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን 0.05 በመቶ ባለበት ውሃ ውስጥ በሚሊ ሊትር 2.56 ሚሊ ግራም ሆኖ ይዘጋጃል፤ በዘንግ ለ16 ደቂቃ ይመታል። የእናንተ አሠራር ከዚህ ቢለይ ነውር የለውም። ነውሩ «ናሙናው በሶኒኬተር ተዘጋጀ» ብሎ ማለፍ ነው።

መጠን የሚለውም ዓምድ ብዙ ጣጣ አለበት። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2011 ያወጣውና በ2022 ያሻሻለው ትርጓሜ አንድን ቁስ ናኖ የሚለው ከቅንጣቶቹ በቁጥር ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ በአንድ ጎናቸው ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ሲሆኑ ነው። «በቁጥር» የምትለዋን ቃል ልብ ይበሉ። ባለ 10 እና ባለ 100 ናኖሜትር ቅንጣቶችን እኩል ቆጥረው ቢደባልቁ ትንንሾቹ በቁጥር ግማሽ ናቸው፤ በክብደት ግን ከሺህ አንዱን እንኳ አይሞሉም። በብርሃን መበተን የሚለካው መሣሪያ ደግሞ ከዚህም በላይ ያዳላል፤ አንዱ ባለ 100 ናኖሜትር ቅንጣት እንደ አንድ ሚሊዮን ባለ 10 ናኖሜትር ቅንጣቶች ያበራበታል። ስለዚህ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ 20 ናኖሜትር ያለውን ዱቄት የብርሃን መሣሪያው 180 ቢለው ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም። አንዱ የደረቀውን ነጠላ ቅንጣት አይቷል፤ ሌላው ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ጓል። «መጠን፦ 25» ብሎ በምን እንደተለካ፣ በየትኛው ፈሳሽ ውስጥ፣ ከተዘጋጀ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደተለካ የማይናገር ሕዋስ (የኤክሴሉን ማለቴ ነው) ባዶ ከሆነ ሕዋስ አይሻልም። ከአምራቹ ወረቀት የተገለበጠ ከሆነም ይነገር። እኔ ባየኋቸው ፋይሎች ውስጥ ከተገመተው በላይ ብዙዎቹ የተገለበጡ ነበሩ።

የቅንጣቱ መጠን ሲነሣ ለሕዋሱ የሚሰጠው ልክም፣ ማለትም ዶዙም፣ አብሮ ይነሣል። ሁሉም ሰው በሚሊ ሊትር ማይክሮ ግራም ብሎ ይጽፋል። አንድ ቀላል ስሌት ልሥራ። በሚሊ ሊትር 100 ማይክሮ ግራም የሆነ ፈሳሽ ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ላይ 0.1 ሚሊ ሊትር ቢጨመር፣ የጉድጓዱ ወለል 0.32 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ሁሉም ቢዘቅጥ በካሬ ሴንቲ ሜትር 31 ማይክሮ ግራም ያህል ያርፋል። ያው ፈሳሽ ባለ ስድስት ጉድጓድ ሳህን ላይ 2 ሚሊ ሊትር ሆኖ ቢጨመር፣ ወለሉ 9.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 21 ብቻ ይሆናል። በወረቀት ላይ አንድ የሆነው ልክ ሕዋሱ ላይ አንድ ሦስተኛ ያህል ተለያየ። ይህም ሁሉም ይዘቅጣል ብለን ነው፤ ትልቁ ጓል ቶሎ ሲወርድ ትንሹ ቅንጣት ለቀናት ተንሳፍፎ ሊቆይ ይችላል። የሚያስፈልገው ሁለት ዓምድ ብቻ ነው፦ የጉድጓዱ ወለልና የፈሳሹ መጠን። እነዚህ ካሉ ሌላ ሰው ከዓመታት በኋላም ስሌቱን መልሶ መሥራት ይችላል።

መሣሪያ የሚዋሽበትም ጊዜ አለ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሕዋስ ሞትን ለመለካት ኤምቲቲ የተባለውን ዘዴ ሁሉም ያውቀዋል፤ ሕያው ሕዋስ ቢጫውን ንጥረ ነገር ወደ ሐምራዊ ክሪስታል ይለውጣል፤ ቀለሙ ይለካል። በ2006 የታተመ አንድ ጥናት በካርበን ናኖ ቱቦ የተነከሩ የሳንባ ሕዋሳት በኤምቲቲ ሲለኩ በ24 ሰዓት ውስጥ ግማሽ ያህሉ የሞቱ እንደሚመስል፣ ደብሊውኤስቲ-1 በተባለው ዘዴ ሲለኩ ግን ምንም እንዳልሆኑ አሳየ። ቱቦዎቹ ሐምራዊውን ክሪስታል ይዘው አልለቅ ብለው ነበር። ይህን ያየ ሰው ከሌላ ቤተ ሙከራ በሚመጣ «50 በመቶ ሞት» ላይ እጁን ከመጫኑ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ሕዋስ በሌለበት ቅንጣቱንና ማቅለሚያውን ብቻ አገናኝታችሁ አይታችኋል ወይ? ካያችሁ ያ ረድፍ የት አለ? ብዙውን ጊዜ ረድፉ ተሠርቷል፤ «ለራሳችን ነው» ተብሎ ከሚላከው ፋይል ግን ወጥቷል። እባክዎ አያውጡት። እንዲያውም የቁጥጥር ረድፎቹ ከዋናዎቹ ይልቅ ለሌላ ሰው ይጠቅማሉ። ኢንዶቶክሲን የተባለው የባክቴሪያ መርዝ ምርመራም እንዲሁ ነው፤ ዱቄቱ በኢንዶቶክሲን ከተበከለ የታየው የሰውነት መቆጣት የቅንጣቱ ይሁን የብክለቱ ማንም መለየት አይችልም።

ወደ ፋይሎቹ ልመለስ። ኤክሴልን አልጠላም፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን መልካም እያሰበ ይጎዳል። የመጠን ክልል «1-3» ብለው ከጻፉለት ቀን መስሎት ይለውጠዋል፤ ፋይሉ ሲደርሰኝ የቅንጣቱ ስፋት የጥር ወር ሆኖ አገኘዋለሁ። አንዱ ቤተ ሙከራ አሥርዮሽን በነጥብ፣ ሌላው በኮማ ይጽፋል፤ 1,25 ሲዋሐድ 125 ይሆናል። ከሁሉ የከፋው ባዶ ሕዋስ ነው። ባዶው «አልለካንም» ይሁን፣ «ለክተን መሣሪያው ሊያየው ከሚችለው በታች ሆነ» ይሁን፣ ወይስ «ዜሮ ነው» ይሁን ከላኪው በቀር የሚያውቅ የለም፤ ላኪውም ከሁለት ዓመት በኋላ ይረሳዋል። ሦስቱን በሦስት የተለያዩ ቃላት ይጻፏቸው። በቀለም የተነገረ ነገርም መረጃ አይደለም፤ ቢጫ የተቀባው ረድፍ «ይህ ሙከራ ተበላሽቷል» ማለት ከሆነ ያንን በዓምድ ይጻፉት፤ ኮምፒውተር ቢጫ አያነብም። አንድ ረድፍ አንድ ልኬት ይሁን፤ አሃዱ የራሱ ዓምድ ይኑረው። በመቶኛ የተሰላውን ብቻ ሳይሆን ከመሣሪያው የወጣውን ጥሬ ቁጥርም ያስቀምጡ፤ መቶኛው የተሰላበት ቁጥጥር ስሕተት ሆኖ ቢገኝ መመለሻ መንገድ የሚኖረው በጥሬው ብቻ ነው።

አዲስ ቅጽ ከመፍጠር ግን ይቆጠቡ። ከ2013 እስከ 2017 የተካሄደው ናኖሬግ የተባለው የአውሮፓ ፕሮጀክትና ከ2014 እስከ 2017 የተካሄደው ኢናኖማፐር ለዚህ የሚሆኑ የመረጃ ቅጾችንና የቃላት ሥርዓትን ትተውልናል። የቃላት ሥርዓቱ፣ በሙያው ኦንቶሎጂ የሚባለው፣ ሥራው ቀላል ነው፦ አንዱ ቤተ ሙከራ «የሕዋስ ሕልውና» ያለውን፣ ሌላው «ሳይቶቶክሲሲቲ» (ሕዋስን የመግደል ጠባይ) ያለውን፣ ሦስተኛው በምሕጻር የጻፈውን በየራሱ መለያ ኮድ ያስቀምጣል፤ ኮምፒውተሩ የትኞቹ አንድ እንደሆኑና የትኞቹ ተቃራኒ እንደሆኑ ያውቃል። ሕልውና 20 በመቶና ሞት 20 በመቶ ተዋሕደው አንድ ዓምድ የሆኑበትን ፋይል አይቻለሁ። የጋራ ፕሮጀክቱ የራሱ ቅጽ ካለው በዚያው ይሙሉ፤ ከሌለው ቅጽ እንዲመርጥ ይወትውቱት። በየዓመቱ የራሱን ዳታቤዝ የሚገነባ ሰው አይጠፋም፤ የፕሮጀክቱ ገንዘብ ሲያልቅ ድረ ገጹም አብሮ ሲሞት ደግሞ ደጋግሜ አይቻለሁ። የተጣራውን ፋይል ቋሚ መለያ ቁጥር በሚሰጥ ማከማቻ ላይ ያኑሩት፤ ከ2013 ጀምሮ ሰርን በተባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት የሚተዳደረው ዜኖዶ አንዱ ነው።

አሁን ወደ ኩባንያው ሥጋት ልምጣ፤ ሥጋቱን አልንቅም። በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የማየው ሁለቱም ወገኖች «ሁሉም ወይም ምንም» ብለው ሲጨቃጨቁ ነው። ኩባንያው በእውነት የሚደብቀው ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ ልባሱ እንዴት እንደሚቀባ፣ በየትኛው ሙቀት፣ በምን ቅደም ተከተል፣ ለማን እንደሚሸጥ ነው። ትንተናው የሚፈልገው ግን ልባሱ ምን እንደሆነና ገጹ ምን ጠባይ እንዳለው ነው። ሁለቱ ይለያያሉ። ቁሱን በንግድ ስሙ ሳይሆን በማይለወጥ ኮድ ይጥሩት፤ የልባሱን ዓይነት በኬሚካዊ ቤተሰቡ ይግለጹ፤ ኩባንያው የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻ በሂደት ላይ ካለው ፋይሉ የሚከፈትበትን ቀን በጽሑፍ ይስማሙ። ቀን የሌለው «በኋላ እንከፍተዋለን» ዋጋ የለውም። በ2016 የወጡት ፌር የሚባሉት የመረጃ መርሆች፣ መረጃ የሚገኝ፣ የሚደረስበት፣ ከሌላ ጋር የሚዋሐድና ዳግም የሚያገለግል ይሁን የሚሉት፣ ሁሉም ለሁሉም ክፍት ይሁን አይሉም። መኖሩ ይታወቅ፣ በምን ሁኔታ እንደሚገኝ ይታወቅ ነው የሚሉት። ይህን ለኩባንያው ጠበቃ ማስረዳት ከብዙ ንትርክ ያድናል።

በአንድ ነገር ላይ ግን አልለዝብም። ድብቅ የሚሆነው አሠራሩ እንጂ ጉዳቱ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ሪች በተባለው የኬሚካል ሕግ የተመዘገበ ቁስ የመርዛማነት ጥናቶቹ ውጤት በኢንተርኔት በነጻ ይታያል፤ ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ ደግሞ ናኖ ቅርጾች በዚያው ሕግ ለብቻቸው ተገልጸው መመዝገብ ይኖርባቸዋል። በአከርካሪ እንስሳት ላይ የተሠራ ጥናት መድገምም ሕጉ አይፈቅድም፤ መዝጋቢዎች መረጃውን ተካፍለው ወጪውን ይጋራሉ። ከ12 ዓመት በፊት ለምዝገባ የቀረበ ጥናት ከሆነ ሌላው መዝጋቢ ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት ይችላል። ይህን የማነሣው እናንተ በዚያ ሕግ ሥር ናችሁ ለማለት አይደለም፤ «የደኅንነት መረጃ ማካፈል የንግድ ምስጢርን ይገድላል» የሚለው ክርክር በትልቅ ገበያ ውስጥ ተሞክሮ ገበያው እንዳልሞተ ለማሳየት ነው።

«ምንም አላገኘንም» የሚሉትን ሙከራዎችም ይላኩ። እንዲያውም ከእነርሱ ይጀምሩ፤ እነዚያ ወደ መጽሔት የመግባት ዕድላቸው አነስተኛ ስለሆነ ከእናንተ መሳቢያ በቀር መኖሪያ የላቸውም። የተሞከረውና ያልጎዳው ልክ ካልታወቀ የሚጎዳው ልክ ከየት እንደሚጀምር ማንም አያውቅም።

መረጃው በወቅቱና በአግባቡ ሳይገኝ ሲቀር ምን እንደሚሆን ሁለት ነገር ልጥቀስ። በ2006 በጀርመን «ናኖ» የሚል ስም የተለጠፈበት የመስተዋትና የመታጠቢያ ቤት ገጽን ከቆሻሻ የሚከላከል ርጭት ተጠቅመው ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎች የመተንፈስ ችግር ገጠማቸው፤ ጥቂቶቹም ሆስፒታል ገቡ። ወሬው የናኖ ቅንጣት አደጋ ሆኖ ዞረ። በኋላ ሲመረመር ምርቱ ውስጥ የናኖ ቅንጣት አልተገኘም። ሰዎቹ በእውነት ታመዋል፤ ጥፋቱ ግን በስሙ ላይ ተላከከ፤ ስለ ይዘቱ በወቅቱ በእጅ የነበረ ነገር አልነበረም። ሁለተኛው የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የምግብ ማንጫ፣ ኢ171 የሚባለው ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2021 በዘር ውርስ ላይ ጉዳት አያደርስም ለማለት አልቻልኩም በማለቱ ኅብረቱ በ2022 ከምግብ አወጣው፤ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ ግን በ2023 በቀን ለሚወሰደው መጠን ገደብ ማውጣት አያስፈልግም የሚለውን የቀድሞ አቋሙን አጸና። ከክርክሩ ነጥቦች አንዱ ምን ነበር ቢሉ፣ በየጥናቱ የተፈተነው ዱቄት በእርግጥ ምግብ ውስጥ የሚገባውን ይወክላል ወይ የሚለው ነው። በሁለቱ መደምደሚያዎች መካከል ማን ልክ ነው የሚለውን ለሌላ ቀን ልተወው፤ ለእርስዎ ጥያቄ የሚበጀው የትልልቆቹ ኮሚቴዎችም ሙግት «ይህ ዱቄት የትኛው ነው?» ላይ መድረሱ ነው።

የአምስት ዓመቱን ክምችት በአንድ ጊዜ ለማጽዳት አይነሡ፤ ይሰለቹና ይተዉታል። ከሦስቱ ቁሶች አንዱን ይምረጡ። እኔ ብሆን ቲታኒየም ዳይኦክሳይዱን እመርጣለሁ፤ ስለማይሟሟ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚጠየቀው ጥቂት ነው። የእሱን የመጨረሻውን ዓመት ፋይሎች ብቻ በቅጹ ይሙሉና ሙከራውን ያልሠራ የሥራ ባልደረባ እንዲያነብ ይስጡት፤ ሳይጠይቅዎ ሙከራውን ደግሞ መሥራት ይችል እንደሆነ ይንገርዎ። የሚጠይቀው ጥያቄ ሁሉ የጎደለ ዓምድ ነው። የማይመለሱ ክፍተቶችን በግምት አይሙሉ፤ «አልተመዘገበም» ብለው ይጻፉና ይላኩት። ክፍተቱ የተነገረበት ፋይል ለተንታኝ ይሠራል፤ የትኛው ጥያቄ ላይ ሊጠቀምበት እንደሚችልና የትኛው ላይ እንደማይችል እርሱ ይወስናል። ፍጹም እስኪሆን ብለው ከያዙት ግን አይወጣም። የአጠቃቀም ፈቃዱንም ፋይሉ ውስጥ ይጻፉ፤ ፈቃድ ያልተጻፈበትን መረጃ መጠቀም ይፈቀድ አይፈቀድ ስለማይታወቅ ሰዎች አይተው ያልፉታል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዛሬውኑ ስልክዎን ይዘው ወደ ማቀዝቀዣው ይሂዱ። በአምስቱ ዓመታት የተጠቀማችሁባቸውን ጠርሙሶች፣ ባዶዎቹንም ጨምሮ፣ የፊት ለፊት ጽሑፋቸውንና የምርት ዙር ቁጥራቸውን፣ ክዳናቸውንም ፎቶ ያንሡ። ኤክሴሉን በሚመጣው ወርም ማስተካከል ይቻላል። ጠርሙሱን ግን ማቀዝቀዣ የሚያጸዳ ሰው ከእርስዎ ሊቀድም ይችላል።